ከውቅያኖስ በላይ ያለው አየር ምን ይሸከማል?

ከአውስትራሊያ በስተ ደቡብ በምትገኘው የታዝማኒያ ደሴት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከባሕር ወለል 94 ሜትር ከፍ ባለ ገደል ላይ፣ ኬፕ ግሪም የሚባል የአየር መለኪያ ጣቢያ አለ። ሥራውን የጀመረው በ1976 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ ወደ ጣቢያው የሚደርሰው አየር ከተማም ሆነ ማሳ ሳይነካ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በደቡባዊው ውቅያኖስ ላይ ተጉዞ ነው። በምድራችን ላይ በንጽሕናው ከሚጠቀሱት አየሮች አንዱ ይኸው ነው። ይሁንና ባዶ አይደለም። በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ውስጥ ጥቂት መቶ ቅንጣቶች ይንሳፈፉበታል። መኪና በሚርመሰመስበት የከተማ መንገድ ዳር ይኸው ቁጥር አሥር ሺዎች ውስጥ ይገባል።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ እነዚያ ጥቂት መቶዎች ናቸው። የዘርፉ ባለሙያዎች በአየር ላይ ተንሳፍፈው የሚቆዩትን ጠጣርና ፈሳሽ ቅንጣቶች ሁሉ ኤሮሶል ይሏቸዋል። ትንንሾቹ የማይክሮሜትር ጥቂት መቶኛ፣ ትልልቆቹ ደግሞ አሥር ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቁጥራቸው አነስተኛ በመሆኑ የሚናቁ ይመስላሉ። ኃይላቸው ግን የሚመነጨው ከዚሁ ከማነሳቸው ነው። በከተማ ሰማይ ላይ መቶ ቅንጣት ቢጨመር ማንም ልብ አይለውም። ባሕር ላይ ግን መቶ ቅንጣት ሲጨመር ደመናው ይለወጣል፤ ባሕር ደግሞ ከመሬት ገጽ 71 በመቶውን ሸፍኖ የያዘ ነው።

ቅንጣት ከሌለ ደመና እንደማይኖር በግልጽ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ጆን ኤትከን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። በ1880 ያቀረበው ሙከራ ለመረዳት አይከብድም። ሁለት የብርጭቆ ዕቃዎች ወሰደ። አንዱ ውስጥ ተራ የክፍል አየር ነበር፤ ሌላው ውስጥ ደግሞ በጥጥ ተጣርቶ የገባ አየር። ከዚያ ወደ ሁለቱም እንፋሎት ለቀቀ። ተራው አየር ያለበት ዕቃ ወዲያው በነጭ ጉም ታፈነ። የተጣራው አየር ያለበት ግን ጥርት እንዳለ ቀረ። እንፋሎቱ እዚያም ገብቷል፤ የሚያርፍበት ነገር አላገኘም እንጂ።

የውኃ ሞለኪውሎች ያለ ምንም መያዣ ተሰባስበው ጠብታ ይሥሩ ቢባል፣ የአየሩ እርጥበት ከመቶ በመቶ በብዙ እጥፍ ማለፍ ይኖርበታል። እንዲህ ያለ እርጥበት ደመና በሚሠራበት ሰማይ ላይ የለም። በእውነተኛ ደመና ውስጥ እርጥበቱ መቶ በመቶን የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በመቶ ባነሰ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የደመና ጠብታ መሃሉ ላይ አንድ ቅንጣት ይዞ የተወለደ ነው። የቅንጣቱ ብዛት የጠብታውን ብዛት ይወስናል፤ የጠብታው ብዛት ደግሞ ደመናው ምን ያህል እንደሚነጣና ምን ያህል በቀላሉ እንደሚዘንብ ይወስናል።

እንግዲህ ከባሕሩ ራሱ እንጀምር። ነፋስ በርትቶ ማዕበል ሲሰበር አየር ወደ ውኃው ይገባና መልሶ በአረፋ መልክ ይወጣል። ከመርከብም ሆነ ከአውሮፕላን ነጭ ሆኖ የሚታየን ይህ ነው። ነፋሱ በሰከንድ አሥር ሜትር ሲሆን አረፋው ከባሕሩ ገጽ አንድ በመቶ ገደማ ይሸፍናል፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአረፋው ስፋት ወደ አሥር እጥፍ ያድጋል። ከዚህ የተነሣ አንድ የማዕበል ቀን ከብዙ ጸጥተኛ ቀናት ይልቅ አየሩን በጨው ይሞላዋል።

አንድ አረፋ ብቻ ነጥለን እንከተል። ከጥልቁ ወደ ላይ ሲወጣ በውኃው ውስጥ የተበተነውን ቅባትና ፕሮቲን በዙሪያው እየለጠፈ ነው። ከባሕሩ ገጽ ሲደርስ አናቱ ላይ ስስ የውኃ ቆዳ ብቻ ይቀረዋል። ቆዳው ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ቅዳጁ ብን ብሎ እጅግ ደቃቅ ፍንጣቂዎች ሆኖ ይበተናል፤ ከትልልቆቹ አረፋዎች እንዲህ ያለ ፍንጣቂ በመቶዎች ሊወጣ ይችላል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። አረፋው የነበረበት ጉድጓድ ባዶውን ስለቀረ ውኃው ከዙሪያው ይንደረደርበታል፤ መሃል ላይ ይጋጭና ቀጭን ምሰሶ ሆኖ ወደ ላይ ይተኮሳል። ምሰሶውም ወዲያው ተበጣጥሶ ጥቂት ጠብታዎችን ይወረውራል፤ የእነዚህ ስፋት የአረፋውን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን ሊከተለው በማይችልበት ፍጥነት ነው። በአሜሪካው የዉድስ ሆል ተቋም አልፍሬድ ዉድኮክ፣ ደንከን ብላንቻርድና ባልደረቦቻቸው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው እስኪያሳዩ ድረስ የምሰሶው ነገር በሚገባ አይታወቅም ነበር። ዉድኮክ ቀደም ሲል ትንንሽ የመስታወት ስላይዶችን ከአውሮፕላን ላይ ለነፋስ እያጋለጠ፣ የተጣበቁባቸውን የጨው ፍሬዎች በማይክሮስኮፕ ይቆጥር ነበር። አድካሚ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ግን ስለ ትልልቆቹ የጨው ቅንጣቶች የምናውቀው ነገር መሠረቱ እዚያ ነው።

አሥር ማይክሮሜትር ስፋት የነበረው የባሕር ውኃ ጠብታ ፈጽሞ ቢደርቅ ሁለት ተኩል ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ የጨው ፍሬ ይቀራል። ባሕር ላይ ግን ፈጽሞ አይደርቅም። ክረምት ሲገባ ማጀት ያለው ጨው እንደሚረጥብ የማያውቅ የለም፤ እዚህም የሚሆነው እሱው ነው። የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲያልፍ የገበታ ጨው ውኃ ስቦ ይሟሟል። አንዴ ከሟሟ በኋላ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም፤ እርጥበቱ ወደ 45 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ በፈሳሽነቱ ይቆያል። ከባሕሩ ገጽ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው አየር እርጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ 80 በመቶ አካባቢ በመሆኑ፣ የባሕር ጨው ቅንጣት ስንል በአእምሯችን መሣል ያለብን ደረቅ ፍሬ ሳይሆን እጅግ ጨዋማ የሆነች ጠብታ ነው። ስፋቷም ከደረቁ ፍሬ እጥፍ ያህል ነው።

የዚህች ጠብታ ሥሪት ስትወለድ ከባሕሩ ውኃ ጋር አንድ ነው። አንድ ኪሎ የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ከጨው ክብደት 55 በመቶው ክሎራይድ፣ ከ30 በመቶ ትንሽ የሚበልጠው ሶዲየም፣ ስምንት በመቶ ያህሉ ሰልፌት ሲሆን፣ ቀሪው ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ነው። እየቆየች ስትሄድ ግን ትለወጣለች። በአየር ውስጥ ያሉት ሰልፈሪክና ናይትሪክ አሲዶች ገብተውባት ክሎሪኑን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ መልክ ያስወጡታል። ሶዲየም ግን የትም አይሄድም። ኬሚስቶች ሶዲየምን የባሕር ጨው ምስክር አድርገው የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ምስክርነት ምን እንደሚጠቅም በቁጥር እንየው። ከመርከብ አፍንጫ ላይ ከተሰቀለ የማጣሪያ ወረቀት፣ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ሁለት ማይክሮግራም ሶዲየም ተገኘ እንበል። በባሕር ውኃ ውስጥ የሰልፌት ክብደት የሶዲየምን አንድ አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ከባሕሩ ጨው ጋር አብሮ መምጣት ያለበት ሰልፌት ግማሽ ማይክሮግራም ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ ማይክሮግራም ከተገኘ ግማሹ ከሌላ ቦታ መጥቷል ማለት ነው። ከመሬት በሺህ ኪሎ ሜትር በሚርቅ ንጹህ ባሕር ላይም ይህ ትርፍ ሰልፌት አይጠፋም። የኢንዱስትሪ ጭስ በሌለበት ከየት መጣ?

ምልክቱን ያገኘው ጄምስ ላቭሎክ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። በ1971 መጨረሻ ሻክልተን በምትባል የምርምር መርከብ ከብሪታንያ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ፣ በየመንገዱ የባሕር ውኃ እየቀዳ ራሱ በሠራው መሣሪያ ይመረምር ነበር። ዳይሜቲል ሰልፋይድ የሚባለውን ጋዝ በየደረሰበት አገኘው። ጋዙ ከባሕር ዳርቻ ሽታ አንዱ ክፍል ነው። ምንጩ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት፣ በውኃው ገጽ አካባቢ እየተንሳፈፉ ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩት ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ፍጥረታቱ ሲሞቱ ወይም ሲበሉ በሰውነታቸው የያዙት የሰልፈር ውሕድ ይፈርስና ጋዙ ይወጣል። አየር ላይ በፀሐይ ብርሃን ኃይል በሚፈጠሩ ሞለኪውሎች እየተበላ፣ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ሰልፈሪክ አሲድና ሜቴንሰልፎኒክ አሲድ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው አሲድ በባሕር ላይ ከዚህ ሌላ የሚጠቀስ ምንጭ ስለሌለው፣ ማጣሪያ ላይ ሲገኝ ቅንጣቱ በሕይወት ባለ ባሕር ላይ ማለፉን ይናገራል።

በክብደት ካየነው ከባሕር በላይ ያለው ቅንጣት አብዛኛው ጨው ነው። በቁጥር ካየነው ግን ታሪኩ ይገለበጣል፤ ብዙዎቹ ከማይክሮሜትር አንድ አምስተኛ የማይበልጡ ደቃቆች ሲሆኑ፣ ከእነሱም ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ከዚያ ጋዝ የመጣው ሰልፌት ነው። ደመና ደግሞ ክብደት አይመዝንም፤ የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። ኬፕ ግሪም ላይ የደመና ዘር መሆን የሚችሉት ቅንጣቶች በደቡቡ ንፍቀ ክበብ በጋ ይበዛሉ፣ በክረምቱ ይመናመናሉ፤ ፋይቶፕላንክተን የሚያብበውም በበጋው ነው።

በ1987 ሮበርት ቻርልሰን፣ ላቭሎክ፣ ማይንራት አንድሬአና ስቲቨን ዋረን ከዚህ ተነሥተው አንድ ደፋር ሐሳብ አቀረቡ። ባሕሩ ሲሞቅ ፋይቶፕላንክተን ብዙ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ቅንጣት ይሆናል፤ ቅንጣቱ ደመናውን ያነጣዋል፤ የነጣው ደመና ፀሐይን ይመልስና ባሕሩን ያቀዘቅዘዋል አሉ። ሕይወት የራሷን ሙቀት ትቆጣጠራለች እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ ውብ ነበር፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ተመራማሪም ወደ ባሕር አሰማርቷል። እኔ ግን ውበቱ ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል ባይ ነኝ። በ2011 ፓትሪሺያ ክዊንና ቲሞቲ ቤትስ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ የተሰበሰበውን መረጃ አገላብጠው ሲያዩ፣ ሰንሰለቱ በየቀለበቱ ላላ ብሎ አገኙት፤ የደመና ዘር ምንጩም ከአንድ በላይ መሆኑን አሳዩ። ሕይወት ሙቀቷን ትቆጣጠራለች የተባለው አልጸናም። ፋይቶፕላንክተን ለደመና ዘር ማዋጣቱ ግን አልተካደም።

ከምንጮቹ አንዱ አረፋው በዙሪያው ለጥፎት የወጣው ቅባትና ፕሮቲን ነው። በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ባለው የሜስ ሄድ ጣቢያ የሠሩ ተመራማሪዎች በ2004 ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስደንቋል። ፋይቶፕላንክተን በሚያብብበት ወቅት ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ከሆኑት የባሕር ቅንጣቶች ክብደት 63 በመቶው ካርቦን አዘል የሕይወት ውሕድ ሆኖ ተገኘ፤ በክረምት 15 በመቶ ብቻ። ጨው ብቻ ይመስል የነበረው ቅንጣት ለካ እንደ ወቅቱ የባሕሩን ፍጥረታት ብናኝ ተሸክሞ ይወጣ ኖሯል።

ከሩቅ የሚመጣውስ? በጥር 1832 ቢግል የተባለችው መርከብ በኬፕ ቨርድ ደሴቶች አጠገብ ስትቆም፣ ቻርልስ ዳርዊን አየሩ ደብዝዞ፣ ቡናማ ደቃቅ አቧራ በመርከቧ ላይ ሲረግፍ አየ። ከአቧራው ጠቅልሎ በርሊን ለነበረው ለክርስቲያን ኤረንበርግ ላከለት። ይህ ኤረንበርግ ለእኛ ባሕር እንግዳ አልነበረም፤ በ1820ዎቹ በቀይ ባሕር ሲመራመር የጉዞ ጓደኛው ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞቶበታል። ኤረንበርግ በአምስት ትንንሽ ጥቅሎች ውስጥ 67 ዓይነት የደቃቅ ፍጥረታትና የዕፅዋት ቅሪቶች ለይቶ አወጣ። ዳርዊን ነፋሱን ተመልክቶ አቧራው ከአፍሪካ መምጣቱን ተረዳ።

ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1965፣ ከአትላንቲክ ማዶ ባርቤዶስ ደሴት ላይ የናይለን መረብ ተሰቀለ። የሰቀሉት ተመራማሪዎች ከሕዋ የሚወርድ አቧራ ፍለጋ ላይ ነበሩ። መረቡ የያዘው ግን የሰሃራን ቀይ አፈር ነበር፤ ሸክላ፣ ኳርትዝ፣ ካልሳይትና ብረት። ጆሴፍ ፕሮስፔሮ ሥራውን ተረክቦ ለዐሥርት ዓመታት ቀጠለበት። በዚህ መዝገብ ላይ አቧራው ከፍ ብሎ የሚታየው በ1970ዎቹ መጀመሪያና በ1983 እና 84 ነው። ሳህልን ድርቅ የመታባቸው፣ በእኛ አቆጣጠር የ66ቱና የ77ቱ መከራ የደረሰባቸው ዓመታት ናቸው። ባርቤዶስ የደረሰው አፈር የምዕራብና የሰሜን አፍሪካ እንጂ የወሎ አልነበረም፤ ያደረቀው ድርቅ ግን በአንድ የአህጉር መቀነት ላይ የወረደ ነበር። እህል የነሣ ሰማይ በአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በማጣሪያ ወረቀት ቀለም ተመዝግቧል።

ይህ አቧራ ባሕር ላይ ሲረግፍ ይመግባል። በብዙ የውቅያኖስ ክፍል ፋይቶፕላንክተን የሚያጣው ብረት ነው፤ ብረቱን ከሚያመጡለት አንዱ ነፋስ ነው። ወደ አማዞን ጫካም ከሰሃራ አቧራ ጋር በየዓመቱ 22 ሺህ ቶን ያህል ፎስፈረስ እንደሚደርስ በሳተላይት ልኬት ተገምቷል። ለእኛ በሚቀርበው ባሕር ደግሞ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ በሱዳን ቶካር ተራራማ መተላለፊያ የሚወጣው ነፋስ ቀይ ባሕርን በአቧራ ይሸፍነዋል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ያወጣው አመድም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ሰማይ አልፎ እስከ ሰሜን ሕንድ ደርሷል። ያ አመድ ተሰባብሮ የደቀቀ የድንጋይ ብርጭቆ ነው፤ አብሮት የወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ደግሞ በመንገድ ላይ ወደ ሰልፌት የሚለወጥ ነው።

የሰው እጅ ያለበትን ለመጨረሻ ያቆየሁት ንጹሁን ሳያዩ የቆሸሸውን መለካት ስለማይቻል ነው። በ1999 መጀመሪያ ወራት ከ200 በላይ ሳይንቲስቶች በመርከብና በአውሮፕላን ሆነው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ዘመቱ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ቪ. ራማናታን ነበር። በእነዚያ ወራት ነፋሱ ከደቡብ እስያ ወደ ባሕሩ ይነፍሳል። ያገኙት ከባሕሩ ገጽ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ከፍታ የተዘረጋ ቡናማ ጭጋግ ነበር። በማልዲቭስ ካሺዱ ደሴት ላይ ከደቃቁ ቅንጣት ከአሥር በመቶ በላይ የሚሆነው ጥላሸት ነበር፤ ከምድጃ፣ ከናፍጣ ሞተርና ከድንጋይ ከሰል የወጣ። የባሕር ጨው ብርሃን ይበትናል እንጂ አይውጥም፤ ጥላሸት ግን ይውጣል፣ አየሩን ያሞቃል፣ ከሥሩ ባለው ባሕር ላይ ያጠላል። ወደ ደቡብ ሲሄዱ የሁለቱ ንፍቀ ክበቦች ነፋሶች የሚገናኙበትን መቀነት ካለፉ በኋላ ሰማዩ ጠራ።

በ1960ዎቹ ሳተላይቶች የባሕር ደመና ፎቶ መላክ ሲጀምሩ፣ ለምን እንደተሠመሩ ግራ የሚያጋቡ ረጃጅም ነጭ መስመሮች ታዩ። መስመሮቹ የመርከቦች ዱካ ነበሩ። ከጭስ ማውጫው የወጣው ሰልፌት በንጹሁ አየር ውስጥ የቅንጣቱን ቁጥር በብዙ እጥፍ ስለሚጨምረው፣ ያው ውኃ ለብዙ ጠብታ ይከፋፈላል፤ ጠብታዎቹ ያንሳሉ፣ ደመናውም ይነጣል። ይህን ስሌት በ1970ዎቹ ያስረዳው ሾን ቱሚ ነው። አዲስ አበባ ሰማይ ላይ አንድ ሞተር እንዲህ ያለ መስመር መሥራት አይችልም፤ ባሕር ላይ የሚችለው ቀድሞ የነበረው ቅንጣት ትንሽ ስለሆነ ነው።

ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የተፈቀደውን የሰልፈር መጠን ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ አወረደው። ለወደብ ከተሞች ሳንባ የተደረገ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ዱካዎቹ በሳተላይት ፎቶ ላይ በግልጽ ቀነሱ፤ እነሱ ይመልሱት የነበረው የፀሐይ ብርሃንም ወደ ባሕሩ መግባት ጀመረ። ይህ ምን ያህል ሙቀት እንደጨመረ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። የማያከራክረው የዕድሜያቸው ልዩነት ነው፤ ከመርከብ ጭስ ማውጫ የወጣው ሰልፌት በሳምንት ገደማ ውስጥ በዝናብ ታጥቦ ባሕር ይገባል፣ አብሮት የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ጉልህ ክፍሉ ከመቶ ዓመት በኋላም አየሩ ላይ ነው።